የአማቶችህ አገር ኢሎኢሎ ሲሆን

ጥያቄ፦ ዱባይ የምሠራ የ34 ዓመት ኢትዮጵያዊ ነኝ። እጮኛዬ ፊሊፒናዊት ነርስ ናት። በቅርቡ አገሯ ሄደን ተጋብተን፣ ኢሎኢሎ ከተማ ወላጆቿ ሰፈር ለመኖር አስበናል። አገሩን በቪዲዮ ካልሆነ አላውቀውም። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እጾማለሁ። እሷ «ቤተሰቦቼ ቀላል ሰዎች ናቸው፣ አትጨነቅ» ትለኛለች። እውነት የሚያስጨንቅ ነገር የለም? ታጋሎግ ብማርስ ይጠቅመኛል?

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እጮኛህ አልዋሸችህም። የኢሎኢሎ ሰዎች ለእንግዳ ማር ናቸው። ግን አንተ እንግዳ ሆነህ የምትቆየው ቢበዛ አንድ ወር ነው። ከዚያ ወዲያ አማች ነህ። የአማች ሕግ ሌላ ነው።

እኔ ለትምህርት ፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ የምትባል ከተማ ሄጄ ዓመታት የቆየሁ ሰው ነኝ። አሁን ወደ ፊሊፒንስ የሚዛወሩ ሰዎችን አማክራለሁ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱና ስለ አውሎ ነፋሱ ነው። ሙቀቱን ትለምደዋለህ። አውሎ ነፋሱም ሲመጣ ጎረቤቶችህ የሚያደርጉትን ታደርጋለህ። የውጭ አገር ባሎችንና ፊሊፒናውያት ሚስቶችን ሲያጣሉ ያየኋቸው ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ገንዘብና ዝምታ።

ከገንዘቡ ልጀምር። ፊሊፒንስ ነርስ አሠልጥና ለዓለም የምትልክ አገር ናት። ውጭ ያለ ልጅ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ የብዙ ቤተሰብ ምሰሶ ነው። እጮኛህ ስትማር የከፈለላት ማን ነበር? ብዙ ጊዜ አባት መሬት አስይዞ ነው፣ ወይም ውጭ ያለች አክስት ከፍላ ነው። ልጅቷ ሥራ ስትይዝ ተራው የእሷ ይሆናል፤ ታናሾቿን ታስተምራለች። ይህን የውለታ ዕዳ ኡታንግ ና ሎኦብ ይሉታል። ደረሰኝ የለውም፤ የመጨረሻ ክፍያም የለውም። ውለታውን የረሳ ሰው «ዋላንግ ሂያ» ይባላል፤ ሀፍረት የለሽ ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ስድብ ብዙ አልሰማሁም።

አሁን ነገሩን ወደ ራስህ አምጣው። ኢሎኢሎ ስትገቡ የዲርሃሙ ደመወዝ ይቆማል። እዚያ ያለ ነርስ የሚከፈለው ዱባይ ከሚከፈለው ጋር አይገናኝም። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ነገር ግን እንደነበረ ይቀጥላል። እንዲያውም ይጨምራል፤ ምክንያቱም የውጭ አገር ባል መጥቷል። ከዱባይ የመጣ ሰው ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ጎረቤት የለም።

ስለዚህ ዱባይ እያላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። የትኛው ወንድም ነው ትምህርት ላይ ያለው? እስከ መቼ? የእናቷ መድኃኒት በወር ስንት ያስወጣል? ያልተከፈለ የቤት ዕዳ አለ? በወር የምትሰጡትን ቁርጥ አድርጉ። ለድንገተኛ ነገር ደግሞ ለብቻው የሚቀመጥ ይኑራችሁ። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ እምቢታው ከእሷ አፍ ይውጣ። አንተ በቀጥታ «የለኝም» ካልክ ባዕድ ሰው ገንዘብ ነፈገን ይሆናል፤ እሷ ካለች የቤት ጉዳይ ነው። የአጎት ልጅ ብድር ሲጠይቅህ ባይመለስ የማይቆጭህን ያህል ስጥና እርሳው። መልሰህ አትጠይቅ። ተበዳሪው ሲያፍር መንገድ ይቀይርብሃል፤ ገንዘቡንም ሰውየውንም ታጣለህ። የባለቤትህ እናት ፓሉዋጋን ውስጥ ግባ ካሉህ ግን አትፍራ። እቁብ ነው፤ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል እስከሆነ ድረስ ጥሩ መግቢያ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ስግብግብነት አትየው። ሆስፒታል ብትገባ ትረዳዋለህ። እዚያ ታማሚ ያለ ባንታይ አይተኛም። ባንታይ ማለት አልጋው ሥር ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ዘመድ ነው። ሐኪሙ የጻፈውን ይዞ ፋርማሲ ይሮጣል፣ ሩዝ ያመጣል፣ ነርሷን ይጠራል። ያ ብድር ጠይቆህ የነበረው የአጎት ልጅ ሦስት ሌሊት ሊያድርልህ ይችላል። ሒሳቡ እንዲህ ነው የሚወራረደው።

ወደ ዝምታው ልምጣ። የኢሎኢሎ ሰዎች ኢሎንጎ ይባላሉ። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ ድምፃቸው ዜማ አለው። ሌሎች ፊሊፒኖች «ኢሎንጎ ሲቆጣም ሲያባብልም አይለይም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ቀልዱ እውነት አለው። የባለቤትህን ወንድም «ቅዳሜ መጥተህ ጣሪያውን ታየዋለህ?» ብትለው «ሁኦ» ይልሃል፤ እሺ ነው። ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰውየው አይመጣም። ሰኞ ስታገኘው እየሳቀ ሰላም ይልሃል። አልዋሸህም፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አንተን ማዋረድ ስለመሰለው ነው። የምር ሊመጣ ያሰበ ሰው ሰዓት ይነግርሃል፣ መሰላል አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። «እንሞክራለን» ካለህ አትጠብቀው። አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄም አትጠይቅ። «ቅዳሜና እሑድ የትኛው ይመችሃል?» ብትል እውነቱን የማግኘት ዕድልህ ይሰፋል።

ቁጣህን ደግሞ ዋጥ። እኛ ስንጫወት ራሱ የምንጣላ እንመስላለን። እዚያ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ነው። ሠራተኛን ሰው ፊት ብትገሥጸው በማግስቱ ላታየው ትችላለህ። ምክንያቱንም አይነግርህም። ቅሬታ ካለህ በሦስተኛ ሰው በኩል አድርሰው፤ አክስት ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። ችግሩ ከጎረቤት ጋር ከሆነ ደግሞ ባራንጋይ አለ። የቀበሌ ዓይነት ነው። ቀላል የሆነ የጎረቤት ክርክር ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ እዚያ ሽምግልና ይቀርባል። ሕጉ ራሱ የሚያስገድደው ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ታምፖ የሚባል ነገር ይጠብቅሃል። ኩርፊያ ነው፤ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ሚስትህ ታኮርፋለች፣ «ምን ሆነሽ?» ስትላት «ምንም» ትላለች። እውነት ምንም የለም ብለህ ቴሌቪዥን ከከፈትክ አለቀልህ። የሚጠበቅብህ ማባበል ነው፦ አጠገቧ መቀመጥ፣ የምትወደውን ነገር ገዝቶ መምጣት፣ ደጋግሞ መጠየቅ። ክርክር ተከፍቶ ጥፋተኛው እንዲለይ የሚፈልግ የለም። አበሻ ወንድ እዚህ ላይ ይቸገራል። «በቃ ካልነገርሽኝ ተይው» እንላለን፤ ይህ ታምፖውን ሳምንት ያደርገዋል።

በምልክትም የሚነጋገሩት ብዙ ነው። ቅንድብ ብድግ ካለ አዎ ማለት ነው። አቅጣጫ የሚያሳዩት ከንፈራቸውን አሹለው ነው፤ ሊስሙህ አይደለም። አስተናጋጅ ሒሳብ እንዲያመጣ አየር ላይ በጣት አራት ማዕዘን ይሣላል። እኛ አዎ ስንል አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር ግን ታስደነግጣቸዋለች። የሆነ ነገር ነክሶህ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ምግቡ። አንተን በየቀኑ የሚገጥምህ ይህ ስለሆነ ሳላሳጥር ልጻፈው። ኢሎኢሎ በ2023 ዩኔስኮ የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ የመዘገባት ናት፤ በፊሊፒንስ የመጀመሪያዋ። የምትኮራባቸው ምግቦች ግን ለአንተ አብዛኞቹ አይሆኑም። ላ ፓስ ባቾይ የአሳማ ሆድ ዕቃና ኑድል ነው፤ ላዩ ላይ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ተፈርፍሮ ይነሰነስበታል። ፓንሲት ሞሎ ሊጥ ውስጥ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ ሾርባ ነው። ካድዮስ የሚባለውን ጥራጥሬ እንኳ ከአሳማና ከለጋ የጃክፍሩት ፍሬ ጋር ነው የሚቀቅሉት። ድግስ ላይ መሃል ጠረጴዛ የሚተኛው ሌቾን ነው፤ ሙሉ አሳማ።

አትክልት ነው ሲሉህ ደግሞ ደግመህ ጠይቅ። «ጉላይ» አትክልት ማለት ነው፤ ግን የምግቡ ስም እንጂ የይዘቱ ማረጋገጫ አይደለም። ትንንሽ የአሳማ ቁራጭ እንደ ቅመም ይገባበታል፤ እነሱ ያንን ሥጋ ብለው አይቆጥሩትም። ባጎኦንግ የሚባል ከሽሪምፕ ወይም ከዓሣ የተብላላ ጨዋማ ነገርም አለ። በዓቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ የማሾ ወጥ ይሠራሉ፤ ሞንጎ ይሉታል። ደስ ብሎህ ማንኪያ ስታነሣ ሽሪምፕ ታገኝበታለህ።

መፍትሔው ባዋል የምትለው ቃል ናት። ክልክል ማለት ነው፤ የሃይማኖት ክልክል መሆኑን ወዲያው ይረዳሉ። የአገሩ ሙስሊሞች አሳማ አይበሉም። ኢግሌሲያ ኒ ክሪስቶ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አባላትም ደም ያለበትን ወጥ አይነኩም። ስለዚህ ሰው የማይበላው ነገር እንዳለ ያውቃሉ። አማትህን ከመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ቤት ገብተህ በትሕትና ንገራቸው። ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ከሆነ በኋላ መናገር ያሳፍራቸዋል። ለፍስኩ ኢናሳል አለልህ። በጠጅ ሳርና በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ከሰል ላይ የሚጠበስ ዶሮ ነው፤ በአቅራቢያው ያለችው የባኮሎድ ከተማ ሰዎች የእኛ ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ዓሣውም ትኩስ ነው። ለጾሙ ላስዋ የሚባለውን የዱባ፣ የባሚያና የደበርጃን ሾርባ ያለ ሽሪምፕ ያሠሩልህ። ጠዋት በበራፍ የሚያልፈው ሻጭ «ታሆ!» እያለ ይጮኻል። ትኩስ ለስላሳ ቶፉ በቡናማ ስኳር ሽሮፕ ነው፤ ጾም ነው። በቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የሚበስለው የሩዝ ኢቦስም እንዲሁ። ከፊት ለፊት ካለችው የጊማራስ ደሴት የሚመጣውን ማንጎ እየበላህ ከርመህ ካማረርክ ጥፋቱ የአንተ ነው።

አንድ ቀን ግን ከአሁኑ አስብበት። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ የነቢያት ጾም መሃል። እነሱ ደግሞ የገና ዘፈን መክፈት የሚጀምሩት ከሴፕቴምበር ነው። ከዲሴምበር 16 ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ገና ሳይነጋ ቅዳሴ ይሄዳሉ። በ24ኛው ሌሊት ኖቼ ቡዌና የሚባለው ማዕድ ይቀርባል፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚሰበሰብበት የዓመቱ ትልቅ ሌሊት ነው። አንተ መኝታ ቤት ገብተህ ብትተኛ ስድብ ነው። ተቀመጥ፣ ሳቅ፣ ሩዝና ፍራፍሬህን ብላ፣ ለሕፃናቱ ስጦታ ስጥ። ከዚያ የእኛ ገና ሲደርስ አንተ ጋብዛቸው። ቡና አፍላላቸው። ፈጣን ቡናና ሦስት በአንድ የለመደ ሰፈር ውስጥ ጀበና ያለው ሰው ዝናው ቶሎ ይወጣል። ስትሄድ የተቆላ ያዝ፤ ጥሬው የዕፅዋት ኳራንቲን ጣጣ አለው።

ስለ ቡና ካነሣን፣ ባዶ እጅህን አትግባ። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ፓሳሉቦንግ ያመጣል። ከዱባይ ከሆነ ቸኮሌትና ተምር ይበቃል፤ ብዛት እንጂ ውድነት አያስፈልገውም። የተረሳ ሰው እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቅ። በር ላይ ጫማህን አውልቅ። የሽማግሌዎችን እጅ ያዝና ጀርባውን ግንባርህ ላይ አስነካ፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ማኖ ይሉታል፣ ኢሎንጎዎች ቢሳ። ጉልበት ለመሳም ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። መታጠቢያ ቤት እጀታ ያላት የፕላስቲክ መጥለቂያ ታገኛለህ፤ ታቦ ትባላለች፣ ለሁሉም ነገር ናት።

አንድ ሌላ ሳልነግርህ ባልፍ ቅር የምትሰኝበት ነገር፦ መልክህ። ቆዳ የሚያነጣ ሳሙናና ክሬም በየሱቁ ተደርድሯል፤ ጥቁረት እንደ ውበት አይታይም። «ኔግሮ» ሲሉህ ትሰማለህ። ብዙዎቹ እንደ ስድብ አያዩትም፤ «ወፍረሃል» እንደሚሉህ ሁሉ ያዩትን መናገራቸው ነው። ፀጉርህን የሚነካ ሕፃንም አይጠፋም። ይህን ሁሉ በፈገግታ ማለፍ አለብህ አልልህም፤ ያሳመመህን ለሚስትህ ንገራት፣ እሷ ለቤተሰቡ በዘዴ ታድርሰው። ጃንዋሪ ላይ ዲናግያንግ የሚባለውን በዓል ስታይ ደግሞ አትደንግጥ። ወጣቶች ገላቸውን ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀብተው ለሕፃኑ ኢየሱስ ክብር ሲጨፍሩ ታያለህ። የሚወክሉት አቲዎችን ነው፤ ኢሎኢሎ ያለችበት የፓናይ ደሴት ጥንታዊ ነዋሪ የሆኑ ጥቁር ሕዝቦች። አቲዎቹ ራሳቸው ግን ዛሬም ድሆችና የተገፉ ናቸው። እኔ ይህን ተቃርኖ እስካሁን አልለመድኩትም። ቁመት ካለህ ደግሞ ቅርጫት ኳስ ትችላለህ ብለው ይወስናሉ። በየሰፈሩ ሜዳ አለ፤ በነጠላ ጫማ ይጫወታሉ። ባትችልም ውጣ። የወንድ ጓደኛ የሚገኘው እዚያ ነው።

ጋብቻውን በተመለከተ ሽማግሌ መላክ እዚያም አለ። ፓማማንሂካን ይሉታል፤ የወንዱ ወገን ምግብ ይዞ የሴቷ ወላጆች ቤት ይሄዳል። ወላጆችህ መምጣት ካልቻሉ አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ሂድ፣ እናትህን በቪዲዮ አስገባ። መቅረቱ ይታወስብሃል። በልማድ የሠርጉ ወጪ የወንዱ ነው፤ ኒኖንግና ኒናንግ የሚባሉ የጋብቻ ወላጆችም ይመረጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆነ አንተ ካቶሊክ ስላልሆንክ የእነሱ ጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያንተንም ንስሐ አባት አስቀድመህ አነጋግር። ለማዘጋጃ ቤት ከኤምባሲህ ለማግባት ብቁ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ ትጠየቃለህ። የጋብቻ ፈቃዱ ከማመልከቻው በኋላ 10 ቀን ማስታወቂያ ሳይለጠፍ አይሰጥም፤ ከተሰጠ በኋላ የሚያገለግለው 120 ቀን ነው። እና ይህን እወቅ፦ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ከሙስሊሞች በስተቀር በአገሩ ሕግ ፍቺ የለም። ጋብቻውን ከመነሻው ማፍረስ የሚባል ረጅምና ውድ ክስ ነው ያለው። መሬትም በስምህ መግዛት አትችልም፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል። ኮንዶሚኒየም ትችላለህ፤ የሕንፃው የውጭ ዜጎች ድርሻ ከ40 በመቶ እስካላለፈ ድረስ። «ቤት እንሥራ» ከተባለ መሬቱ የእሷ መሆኑን አውቀህ ግባበት።

ለቅሶ ቤት ስትሄድ ካርታ ሲጫወቱ ብታይ አትፍረድ። አስከሬኑ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ከቁማሩ የተወሰነ ለቤተሰቡ ይቆረጣል። ገንዘብ በፖስታ አድርገህ ስጥ። ስትወጣ ማንም አይሸኝህም፤ ክልክል ነው። ከዚያም በቀጥታ ቤትህ አትሂድ፣ የሆነ ቦታ ቆም ብለህ ሻይ ጠጣ። ሞት ተከትሎህ እንዳይገባ ነው። 40ኛው ቀንና ሙት ዓመቱ እንደ እኛው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ቋንቋው ነበር። ታጋሎግ ቴሌቪዥን ለማየት ይጠቅምሃል፤ እንግሊዝኛም መንግሥታዊ ቋንቋ ስለሆነ ባንክና ሆስፒታል አትቸገርም። የአማቶችህ ቤት የሚወራው ግን ሂሊጋይኖን ነው። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የምታገኛትን «ፖ» የምትባል የአክብሮት ቃል እነሱ አይጠቀሙባትም። ታላቅን ወንድ ማኖንግ፣ ታላቅን ሴት ማናንግ በል። ታናሽ ወንድ ቶቶ፣ ሴቷ ኢንዳይ ናት። ጂፕኒ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ ውስጥ ገንዘብህን አጠገብህ ላለው ሰው ስጥ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም በዚያው ይመጣል። ለመውረድ «ሉጋር ላንግ» በል፤ የእኛው «ወራጅ አለ» ናት። እጮኛህ ከዛሬ ጀምሮ እራት ላይ በእንግሊዝኛ እንዳታናግርህ አድርግ። አማትህ «ካኦን ታ»፣ እንብላ፣ ሲሉህ በቋንቋቸው መመለስ ከቻልክ ግማሹን መንገድ ሄደሃል።